በጤነኛና በሕመምተኛ መካከል ያለው ሠራተኛ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ያምናል፤ ይኸውም ሕመሙን የተናገረ ሰው ሰሚ ያገኛል፣ ሰሚውም ይረዳዋል ብሎ ነው። በሥራ ቦታ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደለም። ጧት ጧት ጣቶቹ አልታዘዝ የሚሉት ጸሐፊ፣ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ የሚላት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ክንዱ እስከ ሰሌዳው አናት አልነሣ የሚለው መምህር ሕመማቸውን የሚደብቁት መድኃኒት ስለማይሹ አይደለም፤ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ስለሚፈሩ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ይህ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣና በምን ሊቀንስ እንደሚችል ነው። ሐሳባችንን በአጭሩ ብንገልጸው፣ መሥሪያ ቤቶቻችን የሚያውቁት ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ብቻ ነው፤ አንዱ ሙሉ ጤነኛ፣ ሌላው አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ። የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሠራተኛ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ በመካከል ያለ ሰው ነው። ለመካከለኛው ደግሞ ቦታ አልተዘጋጀለትም።

ምናልባት «ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አግብቶን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕመሙ ዕድሜ አይመርጥም፤ ሰው ገና በሥራ ዕድሜው ሳለ የሚጀምር፣ ከ16 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ እንኳ የሚታይ ዓይነት አለው። በየፈተናው አዳራሽ ከጥያቄው ይልቅ ብዕር መያዝ የሚያስጨንቀው ተማሪ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የክፍል ኃላፊዎች፣ ሐኪሞች፣ የሕግ አማካሪዎችና የሕንፃ መሐንዲሶች የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ ያልገባንን ነገር ነገ በፊርማችን እንወስንበታለን።

ሕመሙ ምንድን ነው?

በየቤታችን «ቁርጥማት» የሚባለው ቃል ብዙ ነገር ያቀፈ ነው። የጉልበት ውጋት ሁሉ ቁርጥማት ነው፤ ምክንያቱም ሲጠየቅ «ብርድ ነው» ይባላል። ሐኪሞች ግን አርትራይተስ በሚል ስም የሚጠሩት የመገጣጠሚያ ሕመም ከአንድ መቶ በላይ ዓይነት አለው። አርትሮን በግሪክ ቋንቋ መገጣጠሚያ ማለት ነው። ለያዝነው ጉዳይ ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

የመጀመሪያውና በብዛት የሚገኘው ኦስቲዮአርትራይተስ ይባላል። በአጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ሲሄድ፣ መገጣጠሚያው ይታመማል፣ ይደርቃል፣ እንቅስቃሴውም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቃው ጉልበት ነው። ዕድሜ፣ የቆየ ጉዳት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ እንዲሁም መገጣጠሚያን ለብዙ ዓመት የሚያደክም ሥራ ያባብሱታል።

ሁለተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ይህ ከመድከም የሚመጣ አይደለም። ሰውነትን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሰጠው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የራሱን የመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋን ያጠቃል። የእጅ ጣቶች፣ የእጅ አንጓዎችና እግሮች ብዙውን ጊዜ በቀኝም በግራም ያብጣሉ፤ ከሕመሙም ጋር እንቅልፍ የማይሽረው ድካም ይመጣል። በዚያው በ2019 18 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩበት፤ ከእነርሱም 70 በመቶ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ሦስተኛው ሪህ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ጠጣር ይሠራል። ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ በድንገት፣ በእግር አውራ ጣት ላይ ይነሣል። ሰውየው ትናንት ሮጦ ታክሲ የያዘ ቢሆንም፣ ዛሬ ጫማ ማጥለቅ አይችልም፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሆኖ ይታያል።

ከእነዚህ ሦስቱ የሚወጣ አንድ ትምህርት አለ። ሕመሙ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ ከውጭም ብዙ አይታይም። የሩማቶይድ ሕመምተኛ ጧት ሲነሣ መገጣጠሚያው ይታሰራል፤ እስራቱ ለመፈታት አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስድበታል፤ ሲንቀሳቀስ እየቀለለው ይሄዳል። የኦስቲዮአርትራይተስ ሕመምተኛ ግን የጧቱ እስራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚለቀው ሆኖ፣ ሥራ በበዛበት መጠን ወደ ማታ ሕመሙ ይበረታበታል። እንግዲህ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል። «አሞሃልና ተቀመጥ» የሚለው የርኅራኄ ቃል እንኳ አንዱን ሲያሳርፍ ሌላውን ያደርቀዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ሕመምተኛውን ራሱን መጠየቅ ነው።

አንድ ሰዓት ላለመስጠት አንድ ቀን ማጣት

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቱ እንግባ። ሥራ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል እንበል። ሠራተኛዋ የሩማቶይድ ሕመም አለባት። ለመልበስ፣ ቁልፍ ለመቆለፍ፣ ልጅ ለማሰናዳትና ታክሲ ተሰልፋ ለመጠበቅ የምትገደደው ጣቶቿና ጉልበቶቿ እጅግ በታሰሩበት ሰዓት ላይ ነው። በሦስት ሰዓት ተኩል ግን ደኅና ሆና መሥራት ትችላለች። ሕመሙ በተነሣበት ቀን ሁለት ምርጫ ብቻ አላት። ወይ ዘግይታ ገብታ «ሰነፍ» ትባላለች፤ አለዚያም የሐኪም ወረቀት አምጥታ ቀኑን ሙሉ ትቀራለች። ሁለተኛውን ከመረጠች መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰዓት ላለመስጠት ሲል ስምንት ሰዓት ያጣል። ይህ ለማንም የማይጠቅም ሒሳብ ነው።

የሕመም ፈቃድም ቢሆን ለዚህ ዓይነት ሰው የተሰፋ ልብስ አይደለም። ለምሳሌ ያህል የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ብንመለከት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር የማይበልጥ የሕመም ፈቃድ ይፈቅድለታል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወሮች በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ይህ እግሩ ለተሰበረና በሦስት ወር ለሚድን ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሕመሙ ሃያ ዓመት አብሮት የሚኖር ሠራተኛ ግን በየዓመቱ ፈቃዱን እየጨረሰና ከደመወዙ እየተቀነሰ ሊኖር አይችልም። እርሱ የሚፈልገው ከሥራ የሚቀርበትን ፈቃድ ሳይሆን በሥራ ላይ የሚቆይበትን መንገድ ነው።

ሥራው ወደ ሰው ሲመጣ

ይህን መንገድ በደንብ የሚያስረዳ ምሳሌ ከሥዕል ታሪክ እናገኛለን። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፒየር ኦጉስት ረኗር (እ.ኤ.አ. 1841–1919) ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ በሩማቶይድ ሕመም ተይዞ፣ ጣቶቹ ተቆላምመው፣ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር ሆነ። ይሁን እንጂ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ ሥሏል። እንዴት? ቆዳው እንዳይላጥ እጁን በጨርቅ ይጠቀልሉለት ነበር፤ ብሩሹን ረዳት በእጁ ያስይዘው ነበር፤ ትልልቅ ሸራዎችንም በመጠምጠሚያ ላይ አድርገው ወደ እርሱ ያቀርቡለት ነበር። ሠዓሊው ወደ ሸራው መሄድ ሲያቅተው ሸራው ወደ ሠዓሊው መጣ ማለት ነው። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ብቻ ነው።

ለሁሉም ሠራተኛ ረዳት ይቀጠርለት ማለታችን አይደለም። የሚያስፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። በአምስት ከፍለን እንዘርዝረው።

1ኛ፤ ሰዓት። ዘግይቶ ገብቶ ዘግይቶ መውጣት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ወይም ቁጭ ብሎ ማረፍ፤ ለሐኪም ቀጠሮ ግማሽ ቀን ማግኘት። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። ለሩማቶይድ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን፣ ደምን በየጊዜው ማስመርመር ይጠይቃል። ቀጠሮው በተከለከለ ቁጥር ሕክምናው ይበላሻል።

2ኛ፤ መቀመጫና መቆሚያ። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ጀርባ የሚደግፍ ወንበር፤ የእግር ማሳረፊያ፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ለሚቆም የጥበቃ ሠራተኛ አልፎ አልፎ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ወንበር። የጥበቃ ሠራተኛ ተቀመጠ ማለት ተኛ ማለት አይደለም።

3ኛ፤ መሣሪያ። ጣት አጥብቆ እንዳይጨብጥ በጎማ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ የወፈረ ብዕር፤ ሲነኩት የሚታዘዝ ኪቦርድ፤ ከሚጠመዘዝ ክብ የበር እጀታ ይልቅ በክርን ተጭነው የሚከፍቱት ረጅም እጀታ፤ ፋይል ለመሸከም ጋሪ፤ ለጽዳት ሠራተኛ በእጅ መጭመቅ የማይጠይቅ መወልወያ። ይህን መጽሔት ገጽ በገጽ ደርድሮ በስቴፕለር የመታ ሁሉ የእጅ አንጓ ምን ያህል እንደሚሠራ ያውቃል፤ ጤነኛ አንጓ እንኳ ማታ ያቃስታል።

4ኛ፤ ስፍራ። ቢሮው ምድር ቤት ቢሆን፤ አሳንሰር ቢኖርም መብራት ሲጠፋ እንደሚቆም ቢታሰብ። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የማይነገረው ነገር መጸዳጃ ቤቱ ነው። ጉልበቱ ወይም ዳሌው የማይታጠፍለት ሰው ቁጢጥ ብሎ ሊጠቀም አይችልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሠራተኛ ይኖራል፤ ነውር መስሎት ለማንም አይናገርም። አንድ መቀመጫ ያለው መጸዳጃና ግድግዳ ላይ የተተከለ መያዣ ብረት ይህን ሁሉ ጭንቀት ያስወግዳሉ።

5ኛ፤ የሥራ ልውውጥ። ሁለት ሰዎች በአንድ መዝገብ ቤት ቢሠሩ አንዱ ከመደርደሪያ ያወርዳል፣ ሌላዋ ትመዘግባለች፣ ታመሳክራለች። በምግብ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የሊጥ ባልዲ ማንሣት ያቃታት እንጀራ ጋጋሪ ምጣዱን ከማንም ይልቅ ታውቅ ይሆናል። ባልዲውን ሌላ ያንሣላት፤ እጇ የለመደውን ሙያ ግን ለምን እንጣው?

ወጪውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አሠሪዎችን በነጻ የሚያማክረው ጆብ አኮሞዴሽን ኔትዎርክ የተባለ ድርጅት አሠሪዎችን በየጊዜው ሲጠይቅ፣ ከተደረጉት ማመቻቸቶች ግማሽ ያህሉ አንዲት ሳንቲም እንኳ እንዳላስወጡ መልሰውለታል። ከላይ የዘረዘርነውን የተመለከተ ሰው በዚህ አይደነቅም፤ የሰዓትና የሥራ ልውውጥ ዋጋ የለውምና።

ሕግ ምን አለ?

አገራችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚል ሐሳብ አስገብቶ፣ የሥራ መሣሪያን፣ የሥራውን ጠባይ፣ የሥራ ሰዓትን፣ የድርጅቱን አደረጃጀትና የሥራ አካባቢን ማስተካከልን በዚህ ውስጥ ቆጠረ። እንደ አስፈላጊነቱ ረዳት መመደብንም የአሠሪው ግዴታ አደረገ። በሌላ በኩል አሠሪው ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም እንዳይጫንበት ገደብ አበጀ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ ችሎ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰውም መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። ይህ ሁለተኛው ሰው የእኛው የጉልበት ሕመምተኛ ነው። በ2002 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል።

ታዲያ ሕጉ ካለ ችግሩ የት ላይ ነው? በመካከለኛው ሰው ላይ ነው። አካል ጉዳተኛ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ምርኩዝ የያዘውን ወይም ዓይነ ስውሩን ነው። የመገጣጠሚያ ሕመምተኛው ማክሰኞ እያነከሰ፣ ሐሙስ ደግሞ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያየ ኃላፊ «ይህ ምን ጉዳተኛ ነው? ያስመስላል እንጂ» ይላል። የ568/2000 ትርጉም ግን የበሽታ ስም አይዘረዝርም፤ የሚጠይቀው የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ከማኅበራዊ መድልዎ ጋር ተደርቦ የሰውየውን እኩል የሥራ ዕድል መቀነሱን ነው። አሜሪካኖች ይህንኑ ጥርጣሬ አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጡትን የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ2008 ሲያሻሽሉ፣ እየመጣ የሚሄድ ሕመም በተነሣበት ጊዜ ሰውን ከዋና ተግባሩ በብርቱ የሚያግደው ከሆነ፣ ጋብ ባለበትም ጊዜ ጉዳት ነው ብለው በግልጽ ጻፉ። በዚያ አገር በሕሙማን እንክብካቤ፣ በመኪና ማቆሚያና በአውሮፕላን ጣቢያ ለሚሠሩት አያሌ ወገኖቻችንም ይህች አንቀጽ ማወቅ የሚገባቸው ናት። እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል በእኛም ሕግና መመሪያ ውስጥ ቢገባ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሕግ የማይደርስበትም ስፍራ እንዳለ ማመን ይገባናል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚያገለግሉትን የቤት ሠራተኞች አይሸፍንም። ቀኑን ሙሉ ልብስ የምታጥብና ወለል የምትወለውል እኅት ጣቷ ሲያብጥ በዚህ አዋጅ የምትከራከርበት አንቀጽ የላትም፤ ብዙውን ጊዜ ተስፋዋ የቤቱ እመቤት ሕሊና ነው። እመቤቲቱ ደግሞ የአንዳችን እናት ወይም እኅት ናት፤ ስለዚህ ነገሩን ከቤታችን መጀመር እንችላለን።

ሁለት ተቃውሞዎች

«ለአንዱ ከተፈቀደ ሁሉም ይጠይቃል» የሚባለውን ሰምተናል። ነገር ግን ዘግይቶ የገባ ዘግይቶ ይወጣል፤ ባልዲ ያላነሣ በፈንታው ሌላ ይሠራል። በዚህ ውል ትርፍ የሚያገኝ ሰው ስለሌለ ሁሉም አይሻማበትም። የሥራው ልክ አልተቀነሰም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው።

«ማስመሰሉን በምን እናውቃለን?» የሚለው ግን ከባድ ጥያቄ ነው፤ አጥጋቢ መልስም የሚገኘው ከሐኪም ወረቀት ነው። ሆኖም ወረቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታውን ስምና «እረፍት ያስፈልገዋል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ ይመጣል። ኃላፊው በዚህ ምን ሊያደርግ ይችላል? ማሳረፍ ብቻ። ወረቀቱ «ጧት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ እጇ አይጨብጥም፤ ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሣ፤ ደረጃ አትውጣ፤ ከዚህ በቀር ሥራዋን ልትሠራ ትችላለች» ቢል ግን ኃላፊው የሚሠራበት ነገር ያገኛል። ሠራተኛዋም የበሽታዋን ታሪክ በሙሉ ለመሥሪያ ቤቱ ማንበብ አያስፈልጋትም፤ ምን እንዳቃታትና ምን ቢደረግላት እንደምትሠራ መናገር ይበቃታል። የምትፈራውም ፍርሃት በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ማመቻቸት ሕክምናን እንደማይተካም ሳንናገር አናልፍም። መገጣጠሚያው አብጦ ሳምንታት የቆየና የጧት እስራት የማይለቀው ሰው «ብርድ ነው» እያለ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ብቻ እየገዛ መቆየት የለበትም። ማስታገሻ ያለ ሐኪም ሲበዛ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ የሩማቶይድ ሕመምም በጊዜ ሕክምና ካላገኘ መገጣጠሚያውን እስከ መጨረሻው ያበላሻል። ወደ ሐኪም ለመሄድ ግን ከሥራ ኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሁለቱ ነገር የተያያዘ ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሕክምና ተማሪዎች ከላይ የገለጽነውን ዓይነት ወረቀት መጻፍ ከአሁኑ ይልመዱ። የሕግ ተማሪዎች «አካል ጉዳተኛ» የሚለው ቃል የሚመጣና የሚሄድ ሕመምን እንዲጨምር ይከራከሩ። የምሕንድስና ተማሪዎች የበር እጀታና የመጸዳጃ ቤት ሲነድፉ የማይታጠፍ ጉልበትና የማይጨብጥ እጅ በዓይናቸው ይምጣባቸው። የሥራ አመራር ተማሪዎችም ሠራተኛን በመግቢያ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን በሠራው ሥራ መመዘን ይማሩ።

የተማሪዎች ማኅበራችን ደግሞ ሩቅ ሳይሄድ በዚሁ ግቢ ሊጀምር ይችላል። በምግብ ቤት ድስት የሚያነሡልን፣ መኝታ ቤታችንን የሚወለውሉልን፣ በቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚያመላልሱልን ሠራተኞች አሉ። ከእነርሱ መካከል ጧት እጃቸው የሚታሰርባቸው ስንት እንደሆኑ ማንም ጠይቋቸው አያውቅ ይሆናል። ማኅበሩ ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር ተነጋግሮ፣ ስም ሳይጠራ፣ «የትኛው ሥራ ያምማል? ምን ቢቀየር ይቀላል?» የሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይጠይቅ፤ መልሱን ሰብስቦ ለአስተዳደሩ ያቅርብ። ወንበር፣ ጋሪ፣ መወልወያና አንድ ሰዓት ለመስጠት የበጀት ዓመት እስኪለወጥ መጠበቅ አያስፈልግም።